አሸዋ ያጠበው ውሃ ተመልሶ ይሥራ

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፤

ስለ ማዕድንና ውሃ ሲነሳ ብዙ ሰው ወርቅ ነው የሚያስበው። እዚህ ጣና ዳር በየቀኑ የሚዛቀው ግን አሸዋና ድንጋይ ነው። የማዕድን ሥራዎች አዋጅ ቁጥር 678/2002ም የኮንስትራክሽን ማዕድናት ብሎ ፈቃድ ይጠይቅባቸዋል። ስለ ውሃቸው ግን የሚጠይቅ የለም።

እንጀራዬ ከግንባታ ነው። ገልባጩ አሸዋ ሲያራግፍ ትንሽ ወስጄ በብርጭቆ ከውሃ ጋር በደንብ እመታና አስቀምጠዋለሁ። አሸዋው ከታች ይተኛል፣ ቡናማው ደለል ከላዩ ይጋገራል። የአገራችን ደረጃ ደለሉ ከ6 በመቶ ካለፈ አሸዋው ይታጠብ ወይም ይመለስ ይላል። እኔ ጋ የሚመጣው አብዛኛው መታጠብ አለበት።

ጣጣው አስተጣጠቡ ላይ ነው። ፓምፑ ወንዝ ውስጥ ይገባል፣ ውሃው ክምሩ ላይ ይለቀቃል፣ ጭቃ ሆኖም በቦይ ይመለሳል። አንዴ አጥቦ አለቀ። ይሄ የሚሆነው ደግሞ የርብና የጉማራ ወንዞች ክር በሚያክሉበት በበጋው ወቅት ነው። የፎገራ ገበሬም ሽንኩርቱን የሚያጠጣው ከዚያው ውሃ ነው። የጭቃው መጨረሻ ጣና ነው። ጣና ከ3 ሺህ ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ይንጣለል እንጂ በጣም ጥልቅ የሚባለው ቦታው እንኳ 14 ሜትር ገደማ ነው። አብዛኛው ደለል ከእርሻ መሬት ታጥቦ እንደሚመጣ አውቃለሁ። ይሄኛው ግን በፈቃድ የሚሠራ ሥራ ስለሆነ ነገ ማስተካከል ይቻላል።

መፍትሔው ሦስት ተከታታይ ገንዳ ነው። በመጀመሪያው ደቃቁ አሸዋ ይቀራል፣ በሁለተኛው ጭቃው ይዘቅጣል፣ ከሦስተኛው የጠለለው ውሃ በፓምፕ ተመልሶ ያጥባል። ከወንዝ የሚቀዳው በትነት የጠፋውንና ከእርጥቡ አሸዋ ጋር የሄደውን ለመተካት ብቻ ይሆናል። የታጠበው አሸዋ ተዳፋት ባለው ሊሾ ላይ ቢከመር የሚንጠባጠበውም ወደ ገንዳው ይገባል። ቁፋሮው ወጪ አለው፣ አልክድም። ግን ዛሬ ከጭቃው ጋር የሚሄደው ደቃቅ አሸዋ ለልስን ይሸጣል።

ክሬሸሮችም እንደዚሁ። አቧራ ለማስተኛት በቦቴ መንገዱን ከማራስ፣ ድንጋዩ የሚፈጭበትና ጠጠሩ የሚወርድበት ቦታ ላይ በቀጭኑ መርጨት ይበቃል።

የክልሉ የማዕድንና የውሃ ኃላፊዎችን የምጠይቀው አንድ ነገር ነው። ፈቃድ ሲሰጥም ሲታደስም ገንዳና የውሃ ቆጣሪ ግዴታ ይሁን። ቆጣሪ ከሌለ ማን ምን ያህል እንደቀዳ በምን ይታወቃል? በማኅበር ተደራጅተው አሸዋ የሚያወጡ ወጣቶች አቅም እንደሌላቸው ይገባኛል። እነሱን ከማባረር ወረዳው የጋራ ገንዳ ያስቆፍርላቸው፣ በሜትር ኪዩብ እየከፈሉ ይጠቀሙ። ወንዙ ሳይጎድል፣ የአሸዋው ሥራም ሳይቆም መመሪያው ቢወጣና ምላሻቸውን በዚሁ ገጽ ብናነብ ደስ ይለናል።

ከአክብሮት ጋር
አንድ የግንባታ ባለሙያ፣ ባሕር ዳር