ዲኤክሷን ላተረፋችሁልን ሁሉ

ጠፍታብን የነበረችው ቶዮታ ኮሮላችን፣ ዲኤክሷ ተነስታለች! ባለፈው ቅዳሜ ጅማ መንቲና ሰፈር ያለው ጌም ቤት ውስጥ ስንከፍታት ሰው ሞልቶ እስከ በሩ ድረስ ቆሞ ነበር። በዚያ ጫጫታ መሃል ማን ማንን ያመሰግናል? ስለዚህ ምስጋናዬን በጽሑፍ ላድርገው ብያለሁ። ትንሽ ይረዝማል፣ ታገሱኝ።

ነገሩን ለማታውቁ፣ ይቺ መኪና ቤንዚን አትጠጣም፣ ቦሎም አትጠየቅም። ያለችው ኮምፒውተር ውስጥ ነው። አሴቶ ኮርሳ የሚባል የመኪና ውድድር ጌም አለ፤ የጣሊያኑ ኩኖስ ሲሙላሲዮኒ ነው የሠራው፣ ሙሉው የወጣው በፈረንጆቹ 2014 መጨረሻ ላይ ነው። ደስ የሚለው ነገር የፈለገ ሰው የራሱን መኪና ሠርቶ ማስገባት ይችላል። ከጌሙ ጋር ፌራሪው፣ ላምቦርጊኒው፣ ምኑ ቅጡ ይመጣል። አጋሮ መንገድ ላይ የምናየው መኪና ግን አይመጣም። እኛ ኮሮላ ዲኤክስን ነው ያስገባነው። ያቺን ኬኢ70 የምትባለውን፣ በፈረንጆቹ 1979 መሸጥ የጀመረችውን፣ ከኋላ የምትገፋውን። ከሷ በኋላ የመጣው ኮሮላ በአብዛኛው የፊት ጎማ የሚነዳ ሆነ፤ ስለዚህ እሷ የመጨረሻዎቹ ወገን ናት።

ቅርጿን ብሌንደር በሚባለው የኮምፒውተር የቅርጽ መሥሪያ ፕሮግራም የሠራልን የኪቶ ፉርዲሳ ተማሪ ነው። ኮፈኗ ላይ ያለውን ጭረት ሳይቀር አወጣው። ወንድሜ፣ እጅህ ይባረክ። ግን አትቀየመኝና ቅርጹ ቀላሉ ነበር። ጌሙ መኪናን የሚያውቃት በቁጥር ነው። ክብደቷ፣ ክብደቱ ከፊትና ከኋላ እንዴት እንደሚከፈል፣ የሞላው ጥንካሬ፣ ሾክ አብዞርበሩ፣ የእያንዳንዱ ማርሽ ሬሾ፣ ጎማው አስፋልት የሚይዝበት መጠን፣ ሁሉም በጽሑፍ ፋይል ተቀምጦለት በሰከንድ 333 ጊዜ «አሁን ይቺ መኪና ምን ትሆናለች?» እያለ ያሰላል። ቁጥሩ ውሸት ከሆነ ያለህ ፎቶ ነው፣ መኪና አይደለም።

የእውነተኛዋ ዲኤክስ ባለቤት ጋሼ፣ ስሜን እንዳትጠራ ስላሉኝ ጋሼ ብቻ ልበልዎት። ከማንም በፊት ምስጋናው የእርስዎ ነው። መጀመሪያ ጂ29 የሚባለውን የጌም መሪ ፊትዎ አስቀምጠን «እስቲ ይንዷት» ስንልዎት አንድ ዙር ሄዱና እጅዎን ከመሪው አንስተው «ይቺ የኔ መኪና አይደለችም» አሉን። በቃ፣ ሌላ ቃል የለም። እዚያ የነበርነው ልጆች ሳቅን። ማታ ብቻችንን ስንቀር ግን ማናችንም አልሳቅንም፣ ምክንያቱም ምኗ እንዳልሆነ አንዳችንም መናገር አንችልም ነበር። በማግስቱ ተመልሰው መጥተው ባያስረዱን ኖሮ እስከ ዛሬ እዚያው ነበርን። «የናንተዋ ጉብታ አልፋ ዝም ትላለች፤ የኔዋ ግን አንዴ ትደግማለች» አሉን። ይሄን ዓረፍተ ነገር ግድግዳዬ ላይ ለጥፌዋለሁ። ሾክ አብዞርበሩን እንደ አዲስ ዕቃ አድርገን ነበር የሞላነው፤ የእርስዎዋ ላይ ያለው ግን ዕድሜውን የጨረሰ ነው። ቁጥሩን ዝቅ አድርገን መኪናዋ ከጉብታ በኋላ አንዴ ስትደግም እርስዎ ፈገግ አሉ። መሪዋም ፓወር ስቲሪንግ እንደሌላት እስኪከብድ ድረስ ጨመርንበት። አሁን አንዳንድ ልጆች ከነዷት በኋላ ክንዳቸውን ያሻሉ።

የሰፈራችን መካኒክ፣ አንተ ደግሞ ጋራዥህን ላብራቶሪ አድርገን ስንጫወትበት አንድ ቀን ፊትህን አላጠቆርክብንም። የዲፈረንሻሉን ሬሾ፣ ማለትም የኋላ ጎማዎቹ አንዴ ሲዞሩ ከካምቢዮ የሚመጣው ዘንግ ስንት ጊዜ እንደሚዞር፣ ከየት እናምጣ ብለን ኢንተርኔት ስናስስ «ምን ያስሳችኋል፣ መኪናዋ እዚህ ቆማ የለ እንዴ?» አልከንና በክሪክ አነሳሃት። አንዱን የኋላ ጎማ እንዳይዞር ያዝክ፣ ሌላውን ሁለት ሙሉ ዙር አዞርከው፣ እኛ ደግሞ ከሥር ተኝተን ከካምቢዮ የሚመጣው ዘንግ ስንት ጊዜ እንደሚዞር በኖራ ምልክት ቆጠርን። አራት ሊሞላ ትንሽ ይቀረዋል። አንዱ ጎማ ተይዞ ሌላው ሁለቴ ሲዞር ሁለቱም አንድ አንድ ጊዜ እንደዞሩ ስለሚቆጠር ያው ሬሾው እሱ ነው። እኔ እንዲህ ዓይነት ትምህርት ክፍል ውስጥ አላገኘሁም።

ሞላውን ያስለካን ደግሞ ቡና ነው። ጅማ ሆኖ ምን ሊሆን ኖሯል! የቡና መጋዘን ውስጥ የምትሠራው እህታችን የምድር ሚዛኑን ሥራ በሌለበት ሰዓት ለቀቀችልን። መጀመሪያ መኪናዋን ሙሉ፣ ቀጥሎ የፊት ጎማዎቿን ብቻ ሚዛኑ ላይ አወጣን፤ የፊትና የኋላ ድርሻዋ እንደዚያ ታወቀ። ጌሙ የሚፈልገው ክብደት ነጂው ተቀምጦ፣ ነዳጅ ሳይቆጠር ስለሆነ ጋሼ ወንበራቸው ላይ ቁጭ አሉ፣ ነዳጁ ተቀነሰ። ከዚያ 60 ኪሎ የሚይዙ ሁለት ኬሻዎች ከኋላ አክስሉ ልክ በላይ ጫንን። ቦታው ወሳኝ ነው፤ ወደ ኋላ ገፋ ካደረግከው አክስሉ ላይ የሚያርፈው ጫና ከኬሻዎቹ ክብደት ይበልጣል። ከጎማው መሃል እስከ በላዩ ያለው የፓራፋንጎ ጠርዝ ድረስ ያለውን በሜትር ለካን፤ ከመሬት ብንለካ ኖሮ የጎማው መርገብም አብሮ ይቆጠር ነበር። 3 ሴንቲ ሜትር ወረደች። 120 ኪሎ በ9.81 ሲባዛ 1,177 ኒውተን፣ ለ0.03 ሜትር ሲካፈል፣ ለሁለት ጎማ ሲከፈል፣ በእያንዳንዱ ጎን 20,000 ኒውተን በሜትር ገደማ። ይሄን የሞላውን ጥንካሬ ቁጥር ፋይሉ ውስጥ ስናስገባው ጌሙ ላይ መኪናዋ ቁጭ ያለችበት ሁኔታ ራሱ ተቀየረ። ኬሻዎቹን ያሸከማችሁ የጫኝና አውራጅ ወንድሞች፣ «ለጌም?» ብላችሁ የጠየቃችሁን ጥያቄ አሁንም መልስ የለኝም፤ ገለቶማ!

የፊዚክስ መምህራችን፣ እርስዎን ሳላነሳ ማለፍ ነውር ነው። ፋብሪካው የሰጠውን የሞተር ጉልበት እንዳለ አስገብተን «ዳገት ላይ በጣም ትሮጣለች» ሲባል ግራ ገብቶን ነበር። እርስዎ ናቸው «ፋብሪካው የለካው ጅማ ላይ ነው?» ያሉን። ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ 1,780 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ እዚህ የአየሩ ግፊት ከባሕር ዳርቻው አንድ አምስተኛ ያህል ያንሳል። ባለ ካርቡሬተሩ 1,290 ሲሲ ሞተር ደግሞ የሚያቃጥለው የሚያገኘውን አየር ያህል ነው። ጌሙ ይሄን በራሱ ስለማያውቅ የጉልበቱን ሠንጠረዥ በእጃችን ቀነስነው። ዲኤክስ የምትታወቅበት ያ ዳገት ላይ የሚሰማው ማቃሰት እንደዚያ ነው የመጣው።

ጎማው ግን አሰቃየን። ስለ ጎማ ብዙ አልጽፍም፣ ደሜ ይፈላል። ጌሙ ውስጥ ራዲየሱ 50 ሜትር በሆነ ክብ ላይ ቀስ እያልክ ፍጥነት ትጨምራለህ፤ ጎማው መልቀቅ የሚጀምርበትን ፍጥነት ትመዘግባለህ። የመያዝ መጠኑ 0.8 ከሆነ በሰዓት 71 ኪሎ ሜትር አካባቢ ላይ መልቀቅ አለበት። እኛ መጀመሪያ የተዋስነው የውድድር ጎማ 85 ላይ እንኳን ይስቅብን ነበር። ይሄን ክብ ከትምህርት ቤት መልስ እየመጣችሁ የዞራችሁ ልጆች፣ ማዞር እስኪይዛችሁ ድረስ የመዘገባችሁት ደብተር እኔ ዘንድ አለ፤ ለማንም አልሰጥም።

አሁን ወደ መከራው። መብራት ሄደ፣ ተመለሰ፣ እንደገና ሄደ። በሦስተኛው ሲመለስ ኮምፒውተሩ ጭስ ጭስ ሸተተ። ሃርድ ዲስኩ ተቃጠለ፣ ለመጠባበቂያ የሚገለበጥበት ሁለተኛው ዲስክም በዚያች ደቂቃ ተሰክቶ እየገለበጠ ስለነበር አብሮ ሄደ። ያን ቀን እናቴ ሰው የሞተብኝ መስሏት ነበር። ጥገና ቤት ወሰድኩት፤ አንዱ ገንዘቤን ተቀብሎ ዲስኩን ሳይከፍተው መለሰልኝ፣ ሌላው ቢያንስ እውነቱን ነግሮ አሰናበተኝ። ተስፋ ቆርጬ «አለቀ» ብዬ መልእክት ላክሁ።

እዚህ ላይ ነው ጉዱ። ለሙከራ በየጊዜው ፍላሽ ይዛችሁ እየመጣችሁ የወሰዳችሁት ቅጂ ነበር። የኸርማታ ሰፈሩ ልጅ መኪናዋን ከነአሮጌ ጎማዋ ይዞ መጣ። የቦሳ አዲስ ሰፈሯ እህታችን የሞላውንና የሾኩን ፋይል ያስቀመጠችው ለራሷ ልታነጻጽር ብላ ነው፤ ከሁሉም የቀረበው እሷ ጋ ነበር። አንዱ ደግሞ የሞተሩን ሠንጠረዥ በስልኩ ፎቶ አንስቶት ኖሯል፣ ለምን እንዳነሳው እሱም አያውቅም። አንድ ሙሉ መኪና ከየሰፈሩ ተሰብስባ ተገጣጠመች። የጌም ቤቱ ባለቤት በሰዓት የሚያከራየውን ምርጥ ኮምፒውተር ማታ ማታ በነጻ ለቀቀልን፤ ቻርጅ የሚይዝ ባትሪ ከራሱ ቤት አምጥቶ ጭምር። ገቢህን እንደነካንብህ አውቃለሁ፣ አባቴ። እማዬ፣ ለዚያ ሁሉ ሰው ቡና ያፈላሽውን አልረሳም።

ቅዳሜ ዕለት ጋሼ የጂሬንን ዳገት አስመስለን በሠራነው መንገድ ላይ ነዷት። ኩርባው ሳይደርስ፣ ማንም ሳይነግራቸው፣ ማርሹን ወደ ሁለተኛ መለሱት። ወጡ። ከዚያ «ፍሬኗን አስተካክሉ እንጂ እሷው ናት» አሉ። ቤቱ ተናጋ!

አንድ ነገር ደግሞ ሳልደብቅ ልናገር። «ቆንጆ ናት፣ በርቱ» ያላችሁን ሁላችሁ እግዚአብሔር ይስጥልን፣ ልባችን ሞቋል፤ ለመኪናዋ ግን ምንም አልጠቀማችኋትም። መኪናዋን የሠሯት «ሁለተኛ ማርሽ ላይ እንዲህ አትጮህም»፣ «ኧረ ኋላዋ በዚህ ፍጥነት አይወጣም»፣ «ፍሪሲዮኗ ቶሎ ይይዛል» እያሉ ያማረሩን ናቸው። አንዳንዶቻችሁ በጣም ትነዘንዙ ነበር፣ ሰላም እንድትሰጡን ሁሉ ተመኝተናል። አሁንም ነዝንዙን።

ፍሬኑ እየተሠራ ነው። የኋላው ታምቡር ከሚገባው በላይ ስለሚይዝ ድርሻውን ወደ ፊት እያመጣነው ነው። አዲሱን ቅጂ የሚፈልግ ከሰኞ ጀምሮ ፍላሹን ይዞ ጌም ቤቱ ይምጣ፤ የድሮውን ሳትሰርዙ፣ እባካችሁ! ቀጥሎ ባጃጅ እናስገባ የሚል ሐሳብ በርትቷል። ችግሩ ጌሙ አራት ጎማ ይጠብቃል፣ ባጃጅ ደግሞ ሦስት ነው ያላት፤ ምናልባት ሁለቱን የፊት ጎማዎች አጠጋግተን እንሞክራለን። ባጃጁን ለአንድ ከሰዓት ምድር ሚዛን ላይ ሊያቆምልን ፈቃደኛ የሆነ ሰው ካለ ለመካኒኩ ይንገርልን።