ስለ ውሻችን የፊዚዮቴራፒ አገልግሎት የቀረበ ቅሬታ

ለእንስሳት ክሊኒኩ ሥራ አስኪያጅ
አዲስ አበባ

ጉዳዩ፦ በቀዶ ሕክምና በተጠገነ ጉልበት ላይ ያለአግባብ የተሰጠ ፊዚዮቴራፒን ይመለከታል

ቦቢ የተባለው ጀርመን ሼፐርድ ውሻችን የቀኝ የኋላ እግሩ የጉልበት ጅማት ተበጥሶ ቀዶ ሕክምና ተደርጎለታል። ወደ ክሊኒካችሁ ያመጣነው፣ ለእያንዳንዱ ውሻ የተለየ ዕቅድ እንደምታወጡ በማስታወቂያችሁ የገባችሁትን ቃል አምነን ነው።

የተሰጠን የእንቅስቃሴ ወረቀት ግን የሌላ ውሻ ነበር። በአናቱ ላይ «ሬክስ» የሚለው ስም በእስክሪብቶ ተሰርዞ ከጎኑ «ቦቢ» ተጽፎበታል፤ የሕመሙ ዓይነት ግን «የዳሌ መገጣጠሚያ ችግር» እንደሚል ቀርቷል። የቦቢ ጉዳይ ፈጽሞ ሌላ ነው። ጉልበቱን የያዘለት ከመገጣጠሚያው ውጭ የታሰረ የናይለን ክር ነው። ክሩ ብቻውን ዕድሜ ልክ አይዘልቅም፤ በዙሪያው ጠባሳ አድጎ መገጣጠሚያውን እስኪያጸናው ድረስ ሸክሙን ይችላል። ለዚህም ከ6 እስከ 8 ሳምንት ያስፈልጋል። እስከዚያው መሮጥ፣ መዝለልና ደረጃ መውጣት ክልክል መሆኑን ቀዶ ሕክምናውን ያደረጉት ሐኪም ጽፈው ሰጥተውኛል፤ ደብዳቤውን ለባለሙያችሁ ያስረከብኩት እኔው ነኝ።

ሆኖም ባለሙያው ገና በሦስተኛው ሳምንት ቦቢን በግቢያችሁ ደረጃ ላይ ያመላልሱት ጀመር። ሐኪሙ መከልከላቸውን ሳስታውሳቸው «ካልተንቀሳቀሰ እግሩ ይደርቃል» አሉኝ። እግሩ እንዳይደርቅማ መላው ይታወቃል፤ አስተኝቶ ጉልበቱን በእጅ ቀስ አድርጎ ማጠፍና መዘርጋት፣ በአጭር ማሰሪያ ይዞ ለጥቂት ደቂቃ በዝግታ ማራመድ ነው። የሐኪሙም ትእዛዝ ይኸው ነበር።

የሕክምና ክፍላችሁ ወለል ደግሞ ልሙጥ ሴራሚክ ነው፤ አንዲት ምንጣፍ እንኳ የለበትም። ከደረጃው መልስ ቦቢ ተነሥ ሲባል ጥፍሮቹ ሴራሚኩን እየቧጠጡ የኋላ እግሮቹ ግራና ቀኝ ተከፈቱና ጮኸ። ቀስ እያለ መርገጥ የጀመረበትን እግር ከዚያን ቀን ወዲህ መሬት አያስነካውም። የጭኑ ጡንቻ ምን ያህል እንደከሳ ወይም እንዳገገመ አንድ ጊዜ እንኳ በሜትር አልተለካም።

በዚያው ምሽት ስደውል ስልኩን ያነሡት ሠራተኛ አይቡፕሮፌን እንድሰጠው ነገሩኝ። ይህን በዝምታ ላልፈው አልችልም። አይቡፕሮፌን የውሻን ጨጓራ ሊያቆስል፣ ኩላሊቱንም ሊያበላሽ የሚችል መድኃኒት ነው። እኔ አልሰጠሁትም፤ ነገር ግን በጭንቅ ሰዓት ወደ ክሊኒክ የሚደውል ሰው የተባለውን አምኖ ያደርጋል።

ስለዚህ የቦቢ የሕክምና መዝገብ ሙሉ ቅጂ እንዲሰጠኝ፣ ክሩ መላላቱን ወይም መበጠሱን ለማወቅ ሐኪሙ ለሚያደርጉት ምርመራ ወጪውን ክሊኒኩ እንዲሸፍን፣ ያልተጠቀምንበት ቀሪ ክፍያም እንዲመለስልኝ እጠይቃለሁ። ሐኪም ያላዘዘው መድኃኒት በስልክ መንገር ከዛሬ ጀምሮ ይቁም። የሬክስ ባለቤቶች እጅ ላይ ያለው ወረቀት የማን እንደሆነም አጣሩላቸው። ምላሻችሁን በጽሑፍ እጠብቃለሁ።

ከሰላምታ ጋር
የቦቢ ባለቤት

ግልባጭ፦
ቀዶ ሕክምናውን ላደረጉት የእንስሳት ሐኪም