ልጄ፣ በቃል አትተዉት

ጎንደር፣ ኅዳር 2018 ዓ.ም.

ልጄ፣ እንደምን ከርመሃል? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ፤ ማታ ማታ ብርዱ ጉልበቴን ከመያዙ በቀር የሚያሳስብ ነገር የለኝም። በስልክ ስመክርህ «እሺ እማዬ፣ እሺ እማዬ» እያልህ ስለምታልፈኝ ነው ወረቀት ያነሳሁት። ወረቀት መሐል ላይ አይቋረጥም፤ ደግመህም ታነበዋለህ።

እህትህ ቅዳሜ ከገበያ ስትመለስ ጎራ ብላ ሁሉንም ነገረችኝ። ከካሜራ ጓደኞችህ አንዱ የጥምቀቱን ፎቶ ማንንም ሳያማክር ለቀን መቁጠሪያ ሸጦታል፤ በዚህ ተጣልታችሁ ግማሹ ከአንተ፣ ግማሹ ከእሱ ጋር ቆሟል፤ አንተም «ከእንግዲህ የለሁበትም» ብለህ የጀመራችሁትን ሁሉ ልትተወው ነው። እንቅልፍ አልወሰደኝም። አትተወው። እንደነበረው ግን አትቀጥለው።

አምና መስከረም ከወይራው ሥር ተሰብስባችሁ ስትመክሩ ቡና ያፈላሁት እኔ ነኝ። አስተማሪው፣ ነርሷ፣ ባጃጅ የሚነዳው ልጅ፣ ከባሕር ዳር የመጡት ሁለቱ፤ የሁሉም ካሜራ የተለያየ ነበር፣ ነገሩን የወደዱበት መንገድ ግን አንድ። በአርባ አራቱ የጎንደር ታቦታት ልክ አርባ አራት ቦታ መርጣችሁ፣ እያንዳንዱን በመስከረም፣ በጥር፣ በሚያዝያና በሐምሌ፣ አንድ ጊዜ ከቆማችሁበት ሳትነቃነቁ፣ አሥር ዓመት ሙሉ ልታነሱት ተስማማችሁ። ፋሲል ግቢን ያላነሳ ማን አለ ብላችሁ አስቀድማችሁ የቅዳሜ ገበያን፣ የጃንተከልን ዋርካ፣ የቀሃን ወንዝ፣ የወለቃን ሸክላ ሠሪዎች፣ ጣሊያን በፒያሳ ሠርቶ የተዋቸውን ቤቶች ስትቆጥሩ ከማድቤት ሆኜ እሰማ ነበር። ደስ አለኝ። ከተማው ዓይናችን እያየ ይለወጣል፤ መንገዱ ሲሰፋ የማውቀው አጥር ይፈርሳል፣ የማውቀው ሱቅ ይነሳል፣ ከወር በኋላ እዚያ ምን እንደነበረ ጎረቤት ለጎረቤት ይከራከራል። እናንተ ልትይዙት ነው ብዬ ልቤ ሞላ።

ያን ቀን ሲኒ እያነሳሁ «ይህን ሁሉ ማን ጻፈው?» ብዬ ጠየቅኋችሁ። አንተ «እማዬ፣ እኛ እኮ ጓደኛሞች ነን» አልኸኝ። ጓደኛሞች ስለሆናችሁ ነው የሚጻፈው። የማይተዋወቅ ሰው ቀድሞውንም አይተማመንምና ውል ይዞ ይመጣል። ጻፉት፣ በቃል አትተዉት።

መዝገብ ቤት ከመቀጠሬ በፊት፣ ገና ልጅ ሳለሁ፣ ፒያሳ ከአንድ ፎቶ ቤት እሠራ እንደነበር ታውቃለህ። እንዴት እንደተዘጋ ግን ነግሬህ አላውቅም። ሸሪኮቹ ሦስት ነበሩ። አንዱ ካሜራውን፣ አንዱ ገንዘቡን፣ አንዱ ሙያውን አዋጡ። ውላቸው የቃል ነበር፤ በጊዮርጊስ ተማምለዋል። እኔ ጨለማው ክፍል ነበርሁ። በቀይ መብራት ወረቀቱን ምስሉን ከሚያወጣው መድኃኒት ምስሉን ወደሚያጸናው ወደ ሃይፖው አሳልፋለሁ፣ በውኃ አለቀልቃለሁ፣ አሰጣለሁ። ደንበኛ ሲመጣ ስሙና ቀኑ በመዝገብ ይገባል፤ ቁጥሩ ደግሞ በኔጋቲቩ፣ ማለት ፎቶው በሚታተምበት ፊልም፣ ጠርዝ ላይ በቀለም ይጻፋል። ኔጋቲቩ ላይ ስም የለም፣ ቁጥር ብቻ።

ዘመኑ ደርግ ነው። ወደ ግንባር የሚሄዱ ልጆች ከመሄዳቸው በፊት ይመጡ ነበር፣ ዩኒፎርማቸው አዲስ፣ ቆቡን ገና ያልለመዱት። አንዳንዱ እናቱን ይዞ ይመጣል። እናትየዋ ከኋላ ቆማ የልጇን ኮሌታ ታስተካክላለች፣ ፎቶው እስኪነሳ ድረስ እጇን አታነሳም።

ከዚያ ሸሪኮቹ በገንዘብ ተጣሉ። ካሜራ ያመጣው ካሜራውን ወሰደ። ገንዘብ ያወጣው «ፊልሙ የተገዛው በእኔ ብር ነው» ብሎ የኔጋቲቩን ሣጥኖች አስጫነ። ሦስተኛው «የጻፍሁት እኔ ነኝ» ብሎ መዝገቡን ይዞ ወጣ፤ ብዙም ሳይቆይ በመተማ በኩል ሱዳን ገባ።

ጥቂት ቆይቶ ከበለሳ አንዲት እናት መጣች። ልጇ ሞቶባታል። የነበራት አንድ ፎቶ ልጁ ኪስ ውስጥ ቀርቷል። «እዚህ ተነስቷል፣ አብሬው ነበርሁ» ትላለች። ሣጥኖቹን የያዘውን ሰው ለምኜ ቤቱ ወሰድኋት። ኔጋቲቩን አንድ በአንድ እያነሳሁ ወደ መስኮቱ ብርሃን አሳየኋት። በኔጋቲቭ ጠይሙ ፊት ይነጣል፣ የዓይኑ ነጭ ይጠቁራል፣ ጥቁሩ ጸጉር ገርጥቶ ሃያ ዓመት ያልሞላው ልጅ ሽበታም ሆኖ ይታያል። «ይህ ሰው ነው?» አለችኝ። የወለደችውን ልጅ ማወቅ አልቻለችም። ሁሉንም አትሜ እንዳላሳያት ወረቀቱም መድኃኒቱም ከፎቶ ቤቱ ጋር አልቋል። እስኪመሽ ድረስ አየች። ከዚያ ነጠላዋን አጣፍታ «እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ደከምሽልኝ» ብላ ሄደች።

ስሙ ሱዳን፣ ምስሉ ጎንደር። ክረምት ሲገባ የሰውዬው ጣሪያ አፈሰሰ፣ ኔጋቲቮቹ እርስ በርስ ተጣብቀው ተጣሉ። አጎትህም ከእነሱ ውስጥ ነበረ። ሳሎኑ ግድግዳ ላይ የእሱ ፎቶ ለምን የለም እያልህ በልጅነትህ ስትጠይቀኝ ዝም የምልህ ለዚህ ነው። ይቆጨኛል፤ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። መዝገብ ቤት ስቀጠር ሰው ሁሉ አሰልቺ ሥራ ነው አለኝ። እኔ ግን ፋይል በከፈትሁ ቁጥር ያችን ሴት እያሰብሁ ስምና ቁጥር አስተያይ ነበር።

እነዚያ ሦስቱ ሰዎች ክፉዎች አልነበሩም። አንዱም ሌባ አልነበረም። ምንም ሳይጻፍ ስለተለያዩ ብቻ ነው ሁሉም የያዘው ነገር በእጁ ላይ ዋጋ ያጣው። እናንተም ወደዚያው እየሄዳችሁ ነው።

ስለዚህ ስማኝ። መጀመሪያ ፎቶው የማን እንደሆነ ጻፉ። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ፎቶግራፍን ከሚጠበቁ ሥራዎች ውስጥ ያስገባዋል፤ ያነሳው ልጅ መብት አለውና «የቡድኑ ነው» ስላልህ ብቻ አትነጥቀውም። ቡድኑ ለኤግዚቢሽን ወይም ለመጽሐፍ ያለ ጭቅጭቅ እንዲጠቀምበት ከፈለጋችሁ እያንዳንዳችሁ ፈቅዳችሁ ትፈርማላችሁ። ሽያጭ ሲመጣ ማን ይጠየቃል፣ ብሩ ለማን ስንት ይደርሳል? አንዱ ቢወጣ ያነሳቸው ፎቶዎች ይቀራሉ ወይስ ይዟቸው ይወጣል? አያድርገውና አንዱ ቢሞትስ ማን ይወስንለታል? አሥር ዓመት ረጅም ነው፤ ሰው ያገባል፣ ይወልዳል፣ ሥራው ወደ ሌላ አገር ይወስደዋል፣ አንዳንዱም ዝም ብሎ ይሰለቻል። እሱ የያዘውን ቦታ በሐምሌ ዝናብ ማን ሄዶ ያነሳዋል? ይህን ሁሉ ስትዋደዱ ጻፉት። ከተጣላችሁ በኋላ የሚጻፍ ነገር ክስ ነው።

ቀጥሎ ከፎቶው ጋር የሰዎቹን ስም ጻፉ። አንተው ያጫወትኸኝ ነው፤ ዶሮቲያ ላንግ የተባለችው አሜሪካዊት እ.ኤ.አ. በ1936 ካሊፎርኒያ ውስጥ ያነሳቻት ስደተኛ እናት። መንግሥት ለአንሺዎቹ እየከፈለ፣ ሮይ ስትራይከር የተባለው ኃላፊያቸው ምን ምን እንዲያነሱ በጽሑፍ እየላከላቸው የተሠራ ሥራ ነበር አልኸኝ። እንዲያም ሆኖ ላንግ የሴትዮዋን ስም አልጠየቀችም። ፊቷ ዓለምን ሲዞር ኖሮ ፍሎረንስ ኦወንስ ቶምፕሰን መሆኗ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጨረሻ ነው። እናንተ ጎንደር ላይ የምታነሷቸው ሰዎች የእኔ ጎረቤቶች ናቸው። ወለቃ ጭቃ ስትረግጥ ያነሳችኋት ሴትዮ ስም አላት። ስሟን ጠይቋት፣ ፈቃዷንም ጠይቋት፣ አንድ ፎቶ አሳትማችሁ ውሰዱላት። ይህንን ካላደረጋችሁ አልመርቃችሁም።

ቀኑንም አደራ። ካሜራው የሚጽፈው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው፤ የጥር 11 ቀን 2017 ጥምቀት ለእሱ ጃንዋሪ 19 ቀን 2025 ነው። አንዳችሁ «2017» ሌላው «2025» ብሎ ቢያስቀምጠው ከሃያ ዓመት በኋላ የሚያየው ሰው ሁለት ጥምቀት ያደርገዋል። ሰዓቱም እንዲሁ ነው፤ እኛ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ስንል ካሜራው ሰባት ይላል። አንዱን መርጣችሁ ያዙ፣ ዓ.ም. ወይም እ.ኤ.አ. የሚለውን ሳትዘሉ ጻፉ። ለበዓል ስትወጡ ሁላችሁም በቅድሚያ የአንዳችሁን ስልክ ሰዓት ፎቶ አንሱት፤ የማን ካሜራ በስንት ደቂቃ እንደሚዘገይ በኋላ ከዚያ ይታወቃል። ፋሲል ግቢ ሲታደስ ያነሳችኋቸውን እህትህ በስልኳ አሳየችኝ። የትኛው ከእድሳቱ በፊት፣ የትኛው በኋላ እንደሆነ ለይታ ልትነግረኝ አልቻለችም። ገና አንድ ዓመት ሆናቸው እኮ! የቆማችሁበትን ድንጋይ፣ የካሜራውን መቆሚያ ቁመት፣ የሌንሱን ቁጥርም ጻፉ፤ አንተ ባትኖር ሌላው ሄዶ እዚያው ላይ እንዲቆም።

ፎቶዎቹ ያሉበት ዲስክ የት ነው? እህትህ «አዲስ አበባ፣ እሱ አልጋ ሥር ነው» አለችኝ። የሁላችሁም ሥራ በአንድ ሣጥን፣ በአንድ ሰው አልጋ ሥር! የዚያን ሰውዬ ጣሪያ አሁን ነገርሁህ። ሦስት ቅጂ ይሁን፤ አንዱ አንተ ጋር፣ አንዱ ባሕር ዳር ካሉት ጋር፣ አንዱ እዚህ እኔ ጋር። የእኔ ቁም ሣጥን ደረቅ ነው፣ ቁልፍም አለው። በዓመት አንድ ጊዜ እየከፈታችሁ መሥራቱን ታያላችሁ።

ያን ልጅ አትጥላው። ያደረገው አስቀይሞኛል፤ ቢጠይቃችሁ ምን ነበረበት? ነገር ግን እንዳይሸጥ የሚል አንድ መስመር የላችሁም፣ በሌለ ሕግ ሰው አይፈረድበትም። አባትህ ያረፈ ጊዜ በዝናብ ድንኳን ሲተክል ያደረው እሱ ነው። የክርስትና አባትህን አነጋግሬአለሁ፤ ሁለታችሁንም አስቀምጦ ያስታርቃችኋል። አንተ ቀድመህ ደውልለት። ታላቁ አንተ ነህ፣ የሰበሰብሃቸውም አንተ ነህ፤ የሰበሰበ ሰው አኩርፎ አይወጣም።

የሚመጣው ጥምቀት ሲደርስ ፋሲለደስ መዋኛ ዳር የሚሠራው የእንጨት መቀመጫ ላይ እንዳትወጣ። በ2012 በበዓሉ ዕለት ተደርምሶ ሰው እንደሞተ ታስታውሳለህ። ከዚያ ላይ የሚነሳው ፎቶ የቱንም ያህል ቢያምር አልፈልገውም። ለሌሎቹም ንገራቸው። ፍተሻና ወታደር ባለበት ካሜራ አታውጡ። ደብረ ብርሃን ሥላሴ ስትገቡ አስፈቅዳችሁ ግቡ፣ በፍላሽ አታንሱ።

ደብተር ገዝቼልሃለሁ፤ ሽፋኑ ጠንካራ፣ ገጹ ሰፊ ነው። ዓምዶቹን ራሴ አስምሬዋለሁ፤ ቁጥር፣ ቀን፣ ሰዓት፣ ቦታ፣ የሰዎቹ ስም፣ ፈቃድ፣ ያነሳው ሰው። የመጀመሪያዎቹን ገጾች ለስምምነታችሁ ባዶ ትቻቸዋለሁ። ኮምፒውተር ላይም ጻፉት፣ ግን እዚህም ላይ ጻፉት፣ ሁላችሁም ፈርሙበት።

ለገና ስትመጣ ሁሉንም ጥራቸው፤ ዶሮውን እኔ እሠራለሁ። ጃኬትህን እንዳትረሳ፣ አምና ጉንፋን ይዞህ ነው የተመለስኸው። ዲስኩን በእጅህ ሻንጣ ያዘው፣ ከሚጫነው ዕቃ ጋር አትስጠው። አዘዞ ስትወርድ ደውል፤ እህትህ ትቀበልሃለች።

እናትህ