ጤፉ ይክረም

ይድረስ ለምወድሽ እታለም፣

ለጤናሽ እንደምን ከርመሻል? እማማስ እንዴት ናቸው? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ደህና ሆኜ ይህን ያህል ዓመት መጥፋቴ ግን ሲከነክነኝ ኖሯል።

እ.ኤ.አ. በ2019 የካቲት ላይ አንድ ጥያቄ ልከሽልኝ ነበር፦ «አንቺ እዚያው አገር ነሽና ንገሪኝ፤ እውነት ጤፋችን ተመለሰልን?» በዚያ ሳምንት እኔ፣ እዚህ ሆላንድ የሔግ ፍርድ ቤት በጤፍ ዱቄት ላይ የተሰጠውን ፓተንት (የፈጠራ ባለቤትነት መብት) ውድቅ አደረገ የሚለውን ዜና ለወዳጅ ዘመድ እየደወልኩ ሳበስር ነበር የሰነበትኩት። ላንቺ ግን የእርሻ ባለሙያ ነሽና አጣርቼ ልጻፍ ብዬ አሳደርኩት። ማጣራት ስጀምር ደስታዬ ቀዘቀዘ። ከዚያ በኋላ ምን ብዬ እንደምጽፍልሽ ጠፋኝ፤ ያሳደርኩት ከረመ፣ የከረመው ዓመታትን አስቆጠረ። ይቅር በዪኝ።

ብዕር ያስነሳኝ ያለፈው ቅዳሜ እንጀራ ነው። አንድ ወዳጃችን እዚሁ ሆላንድ የበቀለ፣ ገና በቅርብ የታጨደ ጤፍ አመጣልኝ። ጓጉቼ ግማሹን ፈጭቼ አቦካሁት። ሊጡ ኩፍ ብሎ ነበር፤ ምጣዱ ላይ ግን ዓይን አላወጣ አለኝ። ሳነሳው ይቆራረሳል፣ ጣቴ ላይ ይጣበቃል። አምስተኛውን እንጀራ ስጥል እማማ ትዝ አሉኝ። ከአውድማ የገባውን አዲስ ጤፍ እንጋግር ብለን ስንጨቀጭቃቸው «ምን አስቸኮላችሁ፤ ጤፉ ይክረም» ይሉን አልነበር? እስከዚያ የምንበላው ያምናውን ነበር። ከጊዜ በኋላ ጎተራውን ከፍተው እጃቸውን እስከ ክንዳቸው ያገቡና ከሥር አንድ እፍኝ ያወጣሉ። ያሸቱታል፤ ጥቂቷን ከምላሳቸው ላይ ጣል አድርገው በፊት ጥርሳቸው ይሰብሯታል። ከዚያ ወይ «ደርሷል» ይላሉ፣ ወይ ምንም ሳይናገሩ መልሰው ይዘጉታል።

አሁን የፓተንቱን ነገር ልንገርሽ። ሰነዱ ጤፍ የተባለው ተክል የእኔ ነው አይልም። የሚያወራው ስለ ዱቄቱ ነው፦ እንደታጨደ ሳይፈጭ ሳምንታት ተቀምጦ የበሰለ፣ በሚፈጭበት ጊዜም «የመውደቂያ ቁጥር» የሚሉት ልኬት ቢያንስ 250 የደረሰ የጤፍ ዱቄት፣ ከዚያ ዱቄት የሚሠራ ሊጥና ምግብ። ልኬቱ ቀላል ነው። ዱቄቱን በውኃ በጥብጠው እያሞቁ፣ አንድ ዘንግ በብጥብጡ ውስጥ እስኪወርድ የሚፈጀውን ሰከንድ ይቆጥራሉ። አዲስ እህል ቶሎ ይቀጥናል፤ የከረመው ይጠነክራል። አንብቤ ስጨርስ ሰነዱን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬ ዝም ብዬ ተቀመጥኩ። ለእኔ ይህ እማማ «ይክረም» ያሉት ነው፤ ቁጥር ተጨመረበት እንጂ።

ታሪኩን በአጭሩ፣ ዓመቶቹን በዚህ አገር አቆጣጠር ልጻፍልሽ። የፓተንቱ ማመልከቻ ሆላንድ ውስጥ የገባው በ2003 ነው። በ2005 ሚያዝያ ደግሞ የእኛው የብዝሃ ሕይወት ተቋምና የግብርና ምርምር ድርጅቱ ሄልዝ ኤንድ ፐርፎርማንስ ፉድ ኢንተርናሽናል ከተባለ የሆላንድ ኩባንያ ጋር የአሥር ዓመት ስምምነት ፈረሙ። ኩባንያው ከተጣራ ትርፉ 5 በመቶ፣ ቢያንስ ግን በዓመት 20 ሺህ ዩሮ ለጤፍ ገበሬዎች መደገፊያ ፈንድ ሊያስገባ ነበር። ያኔ ስምምነቱ ለዓለም አርአያ ይሆናል ተብሎለት ነበር። በ2007 ጥር የአውሮፓ ፓተንት ቢሮ ፓተንቱን ሰጠ። በ2009 ኩባንያው ከሰረ። ኃላፊዎቹ ባቋቋሟቸው ሌሎች ኩባንያዎች የጤፉ ንግድ ቀጠለ፤ ፓተንቱም አብሮ ተሻገረ። ስምምነቱ ግን ከከሰረው ጋር ቀረ። ለአገራችን በጠቅላላው የደረሳት 4 ሺህ ዩሮ ነው። አራት ሺህ፣ እታለም!

ያስቦረቀን ፍርድ የተሰጠው፣ ዜናው እኛ ዘንድ ከመድረሱ ወራት ቀድሞ፣ በኅዳር 2018 ነው። ክሱን የመሠረተው ራሱ ባለፓተንቱ ኤንሸንት ግሬይን ነው፤ የከሰሰውም ቤከልስ የተባለ የዳቦ ቤት ግብዓት አምራች ነበር። ተከሳሹ ራሱን ሲከላከል ፓተንቱ ፈጠራ የለበትም ብሎ ተከራከረ፣ ዳኞቹም ተቀበሉት። ስለዚህ ለጥያቄሽ መልሱ ይህ ነው፦ ፓተንቱ ወደቀ፤ የጣልነው ግን እኛ አይደለንም። ሁለት የውጭ ነጋዴዎች ሲካሰሱ ወደቀ። ፍርዱም የሚጸናው ሆላንድ ውስጥ ብቻ ነበር፤ የሌሎቹን አገሮች ፓተንት አልነካም። እኔ ሳልዋጋ የድል ከበሮ ስመታ የከረምኩ መሆኔን ላንቺ መጻፍ ነው ያሳፈረኝ።

ይህ ሁሉ አልፏል፣ ምን ያስጨንቅሻል እንዳትዪኝ። አንቺ ለገበሬው ድቅል በቆሎ ስታዳርሺ ታውቂዋለሽ፤ ከምርቱ ለዘር ቢያስቀር በዓመቱ ምርቱ ይወርድበታልና በየዓመቱ መግዛት አለበት። ጤፍ እንደዚያ አይደለም፤ በራሱ ብናኝ ይራባልና ልጁ እንደ ወላጁ ይወጣል። የደብረ ዘይት የምርምር ማዕከል በ2006 ያወጣው ቁንጮ የተባለ የጤፍ ዝርያ ከጎረቤት ወደ ጎረቤት የተዛመተው ገበሬው ከራሱ ማሳ ዘር ማስቀረት፣ ማበደር፣ መለወጥ ስለቻለ ነው። እኔ የምፈራው በቆሎን ተፈጥሮው ያሰረውን ያህል ጤፍን ወረቀት እንዳያስረው ነው። ወረቀት እንደሚያስር ደግሞ በአሜሪካ ታይቷል። የኢንዲያናው ገበሬ ቨርነን ቦውማን ከእህል ጎተራ የገዛውን ተራ አኩሪ አተር ዘራ፤ ከምርቱም እያስቀረ መልሶ ዘራ። አኩሪ አተሩ የሞንሳንቶ ፓተንት ያለበት ዘር ልጅ ስለነበር በ2013 የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ዘጠኝም ዳኛ በአንድ ድምፅ ፈረዱበት፤ ከ84 ሺህ ዶላር በላይ ካሳ ክፈል ተባለ። የፓተንቱ መብት ዘሩን ተከትሎ ወደ ልጁ፣ ወደ ልጅ ልጁም ይሄዳል ማለት ነው። ገበሬ ከአውድማው ዘር በማስቀረቱ ዕዳ የሚገባበትን ሕግ አእምሮዬ እስከ ዛሬ አልተቀበለውም።

የዘር ባንካችንን የመሩትን የዶክተር መላኩ ወረደን ሥራ ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው በደንብ የተረዳሁት። በ77ቱ ድርቅ ገበሬው የዘር እህሉን ጭምር ለመብላት ሲገደድ፣ ያ ዝርያ አንድ ጊዜ ከጠፋ ተመልሶ እንደማይገኝ አውቀው ከየአካባቢው ያሰባሰቡና ለገበሬው የመለሱ ሰዎች ነበሩን። ዘሩን እንዲህ ጠብቀንለታል። ስለ ዘሩ እናቶቻችን የሚያውቁትን ግን ማን ጠበቀ?

ስለዚህ አንድ ነገር እለምንሻለሁ። በአውሮፓ የፓተንት ሕግ ቀደም ሲል በቃል ብቻ የተነገረ እውቀትም «ይህ አዲስ ፈጠራ አይደለም» ለማለት ይቆጠራል፤ መቼና የት እንደተነገረ ግን ማስረዳት ያስፈልጋል። እማማ ዕድሜ ይስጣቸውና ዛሬም አሉልን። ደብተር ይዘሽ አጠገባቸው ተቀመጪና በራሳቸው አነጋገር ጻፊልኝ። ጤፉ ስንት ሳምንት ይከርማል? ዝናብ ያገኘውስ? ማኛው ከሰርገኛው ይለያል? ሲያሸቱት የሚያገኙት ሽታ ምን ይመስላል? በየገጹ ቀኑንና የቀበሌውን ስም አትርሺ። ከዚያም ጎረቤቶቻቸውን ጠይቂ፤ እኔ ደግሞ በኮምፒውተር እየጻፍኩ ሰው ሁሉ ሊያነበው በሚችል ቤተ መጻሕፍት እንዲቀመጥ እጥራለሁ።

የቀረውን ጤፍ ከረጢቱን አጥብቄ አስሬ ከመደርደሪያው ላይ አኑሬዋለሁ። እስከ ፋሲካ አልነካውም። ጉልበታቸውን ሳሚልኝ።

እህትሽ