ተኪየ ዶውለት የአልበርት ሆል ግልባጭ አይደለም

ለተከበሩ አዘጋጅ፣

በሙሐረም የሐዘን ትርኢት ይታይበት ስለነበረው የቴህራኑ ሕንፃ፣ ስለ ተኪየ ዶውለት፣ ያወጣችሁትን ጽሑፍ ደስ ብሎን አነበብነው፤ ስለዚህ ሕንፃ በአማርኛ ሲጻፍ ብዙም አይገጥመንምና። ይሁንና የኢራኑ ንጉሥ ናስረዲን ሻህ ለንደን ላይ ሮያል አልበርት ሆል የተባለውን አዳራሽ አይቶ፣ እሱን አስመስሎ አሠራው የተባለው መታረም አለበት። ነገሩ ከብዙ ጊዜ ጀምሮ ሲደጋገም የኖረ ስለሆነ በጸሐፊው ብቻ አንፈርድም።

ዓመቶቹን ጎን ለጎን ማስቀመጥ ይበቃል (ሁሉም እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። የተኪየ ዶውለት ግንባታ የተጀመረው በ1868 ገደማ ነው። አልበርት ሆል የተከፈተው በ1871፣ ሻሁ ለመጀመሪያ ጊዜ አውሮፓ የሄደው ደግሞ በ1873 ነው። ገና ያልተከፈተን፣ በዓይኑም ያላየውን አዳራሽ እንዴት አድርጎ ይቀዳል?

ክብ መድረኩ የመጣው ከራሱ ከኢራን ሰፈሮች ነው። ተኪየ ማለት ሙሐረም በተባለው የእስልምና ወር የነቢዩ ሙሐመድ የልጅ ልጅ ኢማም ሑሴን በ680 ከርበላ (ዛሬ ኢራቅ) ላይ የተገደሉበት ሐዘን የሚታሰብበት ቦታ ነው። በተራው ሰፈር የግቢው የውኃ ገንዳ በሳንቃ ይሸፈንና መድረክ ይሆናል፤ ሕዝቡ ዙሪያውን ይቀመጣል፤ ከላይ ሸራ ይወጠራል። ሻሁ ያሠራው ይህንኑ አግዝፎ ነው። መሐሉ ላይ መወጣጫ ደረጃ ያለው ክብ የድንጋይ መድረክ፣ በመድረኩ ዙሪያ ፈረስና ግመል የሚያልፍበት መንገድ፣ ቀጥሎ ሴቶች መሬት ላይ የሚቀመጡበት ስፍራ፣ ከዚያ ወዲያ ፎቅ በፎቅ የተደራረቡ የመኳንንቱ ክፍሎች ነበሩት። በ1880ዎቹ ያየው የአሜሪካ መልእክተኛ ሳሙኤል ቤንጃሚን የሕንፃውን ስፋት ወደ 60 ሜትር፣ ከፍታውን ወደ 24 ሜትር ገምቶታል።

ጣሪያውም ቢሆን በብረት የተጠናከሩ የእንጨት ቅስቶች ላይ የሚወጠር ሸራ ነበር። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ ሙሐረም እንደ ረመዳን በየዓመቱ 11 ቀን ያህል ወደ ኋላ እየሳበ በ33 ዓመት ውስጥ ወቅቶቹን ሁሉ ይዞራል። የቴህራንን የሐምሌ ፀሐይና የጥር ዝናብ ተራ በተራ የሚያስተናግድ ቤት ሲያሻ የሚወጠር፣ ሲያሻ የሚነሳ ክዳን ያስፈልገዋል።

ቅርጹ ለምን ክብ እንደሆነ የሚገባው ግን እዚያ የሚታየውን ተዕዚያ፣ ማለትም የከርበላን ሐዘን የሚያሳየውን ድራማ፣ የሚያውቅ ሰው ነው። (ቃሉ ለሙስሊም አንባቢዎቻችሁ እንግዳ አይደለም፤ ሐዘንተኛ ማጽናናት ማለት ነው።) መጋረጃም ሆነ የተሳለ ገጽታ የለም። ተዋናዩ መድረኩን አንዴ ከዞረ ሩቅ አገር ተጓዘ ማለት ነው። አንድ ሳህን ውኃ ኤፍራጥስ፣ የተበተነ ገለባ የበረሃው አሸዋ ይሆናል። የኢማሙ ወገኖች አረንጓዴና ነጭ ለብሰው ያዜማሉ፤ ቀይ የለበሱት ጠላቶቻቸው ዜማ የላቸውም፣ ይጮኻሉ እንጂ። የሴት ገጸ ባሕርያትን ወንዶች ፊታቸውን ሸፍነው ይጫወታሉ። ተዋናዮቹ ቃላቸው የተጻፈበትን ቁራጭ ወረቀት በእጃቸው ይይዛሉ፤ ይህ ቃሉን ካለማጥናት የመጣ የሚመስለው ይኖራል፣ ነገር ግን የኢማሙን ገዳይ ሺምርን የሚጫወተው ሰው «እኔ ሺምር አይደለሁም» የሚልበትም መንገድ ነው። የትርኢቱ አዘጋጅ ከመድረክ አይወርድም፤ ዕቃ ያቀብላል፣ ከበሮውን ያስጀምራል፣ ያስቆማል። መጠሪያው ሞዒን አል-ቡካ ነው፣ የልቅሶ አጋዥ እንደ ማለት።

ይህን ትርኢት ተመልካቹ በአንድ ወገን ብቻ ወደሚቀመጥበት አዳራሽ ያስገቡ ሰዎች የሚገጥማቸው ችግር ተመሳሳይ ነው። ዙረቱ ወዲያና ወዲህ መመላለስ ይሆናል፣ ፈረሱ መሄጃ ያጣል፣ መሐል የቆመው አዘጋጅም ተሳስቶ የገባ ሰው ይመስላል። ከሁሉ የሚከፋው ግን ሌላ ነው። በክቡ መድረክ ወዲህ ማዶ ያለው ሰው ወዲያ ማዶ ያለው ሲያለቅስ ያየዋል፤ ለቅሶው የሚጋባው እንደዚያ ነው። ሙሾ አውራጇን ከብቦ ያለቀሰ አገር ይህ አይጠፋውም። ወንበሮቹ ሁሉ ወደ ፊት ከዞሩ ግን የሚታየው የፊተኛው ሰው ማጅራት ነው።

ሁለት ትንንሽ ነገሮች እንጨምር። በጽሑፋችሁ «የሙሐረም ፌስቲቫል» የሚለው አገላለጽ አይሆንም። እኛ የሙሐረምን አሥረኛ ቀን ዐሹራን በጾም፣ ሐረር ደግሞ በገንፎ ስለምናውቀው ቃሉ ሳይታሰብ መውጣቱ ይገባናል፤ በኢራን እንዳሉት ባሉ የሺዓ ሙስሊሞች ዘንድ ግን ቀኑ ለቅሶ ነው። እንዲሁም በሰማያዊና ቢጫ ሸክላ ጡብ ላይ የከርበላ ጦርነት የተሳለበት ፎቶግራፋችሁ የቴህራኑ አይደለም፤ ከርማንሻህ የሚገኘው ተኪየ ሞዓቨን አል-ሞልክ ነው። እሱ ዛሬም ቆሞ ሙዚየም ሆኗል። በተኪየ ዶውለት ግን በ1925 ዙፋኑን ለሬዛ ኻን የሰጠው ጉባኤ ተቀመጠበት፤ በኋላ ይኸው ሰው፣ ሬዛ ሻህ ተብሎ፣ ተዕዚያን በአደባባይ ከለከለ፤ ሕንፃው በ1947 ፈርሶ ቦታው ለባንክ ሆነ። ትክክለኛ ምስል ካስፈለጋችሁ ከማል አል-ሞልክ የተባለው ሠዓሊ የውስጡን ገጽታ የሣለው ሥዕል በጎለስታን ቤተ መንግሥት ይገኛል፤ ፎቶግራፉን በእሱ ብትተኩት።

ከአክብሮት ጋር፣
የቴአትርና የሥነ ሕንፃ መምህራን፣ አዲስ አበባ