ለ7ኛ ክፍል ወላጆች በሙሉ፦ የ135 ብሩን ጉዳይ ይመለከታል

ኅዳር 24 ቀን 2018 ዓ.ም.

ክቡራን ወላጆች፣

ኅዳር 29 የብሔር ብሔረሰቦች ቀን ስለሚከበር ልጆች የባህል ልብስ ለብሰው ይምጡ።

አሁን ወደ ጤፉ እንግባ።

ባለፈው ሳምንት የተሰጠው የሒሳብ የቤት ሥራ እንዲህ ይላል፦ አንዲት ነጋዴ ኪሎው 150 ብር የሆነ 30 ኪሎ ነጭ ጤፍና ኪሎው 120 ብር የሆነ 20 ኪሎ ቀይ ጤፍ ቀላቅላ ሰርገኛ አደረገች። ሳታተርፍም ሳትከስርም ለመሸጥ የአንዱ ኪሎ ዋጋ ስንት ይሁን?

ከ38 ደብተር 23ቱ ላይ 135 ተጽፏል። ሁሉም ኤክስ ገባበት። ከዚያ በኋላ ቴሌግራም ግሩፑ ላይ የሆነውን ታውቁታላችሁ። ከምሽቱ 5 ሰዓት የተላከልኝን የአራት ደቂቃ ቮይስም እስከ መጨረሻው ሰምቼዋለሁ።

መምህሩ አልተሳሳቱም። 150 እና 120 ደምሮ ለሁለት ማካፈል የሚያስኬደው ሁለቱ ጤፎች እኩል ኪሎ ሲሆኑ ብቻ ነው። እዚህ ነጩ ይበዛል። ነጩ 4,500 ብር፣ ቀዩ 2,400 ብር፣ ድምሩ 6,900። ለ50 ኪሎ ሲካፈል 138 ብር ይመጣል። ሴትየዋ በ135 ብትሸጥ 150 ብር ከኪሷ ይወጣል።

«ለ3 ብር ልዩነት ግማሽ ማርክ እንኳን አይሰጥም?» ትሉ ይሆናል። በትሕትና፣ እህል በረንዳ በኪሎ 3 ብር ቢጨመርባችሁ ዝም ትላላችሁ? «በእኛ ጊዜ አማካይ ማለት ደምሮ ማካፈል ነበር» የምትሉም አትጠፉም። ዛሬም ነው። የሚደመረው ግን የወጣው ብር ነው፤ የሚካፈለውም ለጠቅላላው ኪሎ ነው። («በ120 ጤፍ የት አገኛችሁ?» ብለው የደወሉት እናት ግን እውነት አላቸው።)

«ልጄ ጤፍ ነጋዴ አይሆንም» ለሚለውም መልስ አለኝ። በየሴሚስተሩ ሰርተፍኬት ይዛችሁ የምትመጡት በዚሁ ስሌት ነው። ልጁ በተከታታይ ምዘና ከመቶ 90፣ በፋይናል 60 ካመጣ ውጤቱ 75 አይሆንም። ምዘናው 40 በመቶ፣ ፋይናሉ 60 በመቶ ስለሚይዝ 36 እና 36 ተደምሮ 72 ነው። ሦስት ማርክ አልሰረቅንም።

አንድ ነገር ደግሞ ባልናገር ደስ ባለኝ። ደብተሮቹን ራሴ አይቻለሁ። ስድስቱ ላይ 270 ሲጻፍ የ7ቷ ወገብ ላይ መስመር አለ። ልጆቻችን 7ን እንደዚያ አይጽፉም።

የዓርቡ ጥያቄ እንዲህ ነው፦ ከእነዚሁ ጤፎች ኪሎው 130 ብር የሚወጣ 60 ኪሎ ሰርገኛ ለማዘጋጀት ከእያንዳንዱ ስንት ኪሎ ያስፈልጋል? ፍንጭ ብቻ ልስጥ። 130 ከ120 በ10 ይርቃል፣ ከ150 በ20። ለቀዩ ስለቀረበ ቀዩ ይበዛል። ከዚህ በኋላ እስክሪብቶውን ለልጁ ስጡት።

«30 በ30» የሚል ወላጅ ካለ ቢሮዬ ከጠዋቱ 2፡30 ጀምሮ ክፍት ነው።

ከአክብሮት ጋር፣
የትምህርት ቤቱ ርዕሰ መምህር