የወገብ ሕመም በብርታቱ ብቻ አይመዘንም

ለተከበራችሁ የጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

በጤና ዓምዳችሁ ስለ ወገብ ሕመም የወጣውን ጽሑፍ በጥሞና አንብቤዋለሁ። አብዛኛው የወገብ ሕመም በጥቂት ሳምንታት ውስጥ እየቀለለ እንደሚሄድ፣ ለቀናት አልጋ ላይ መዋል ከመጥቀም ይልቅ እንደሚጎዳ፣ ወገቡን ያመመው ሁሉ ራጅ መነሣት እንደማያስፈልገው መገለጹ ትክክል ነው፤ በፊዚዮቴራፒ ሙያ የምሠራ በመሆኔ እኔም ለታካሚዎቼ የምነግራቸው ይህንኑ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ባወጣው መረጃ መሠረት እ.ኤ.አ. በ2020 በዓለም ዙሪያ 619 ሚሊዮን ሰዎች የወገብ ሕመም የነበረባቸው ሲሆን፣ ይህን ሁሉ ሰው ወደ ድንገተኛ ክፍል መላክ የሚቻልም የሚያስፈልግም አይደለም። ብዕር ያስነሣኝ ግን ጽሑፉ የተዘጋበት ዓረፍተ ነገር ነው፤ «ሕመሙ በጣም ከበረታብዎ ሐኪም ያማክሩ» ይላል። ይህ ምክር አንባቢውን የተሳሳተ መለኪያ ያስይዘዋል። አስቸኳይ ሕክምና የሚያስፈልገውን የወገብ ሕመም ከሌላው የሚለየው በአመዛኙ የሕመሙ ብርታት ሳይሆን ከሕመሙ ጋር አብሮ የመጣው ነገር ነው።

የወገብ ጡንቻ ድንገት ሲኮማተር ሰው ጎንበስ እንዳለ ቀና ማለት ተስኖት፣ ካልሲውን እንኳ ሰው ካላጠለቀለት መልበስ አቅቶት እንባው ሊመጣ ይችላል፤ ሆኖም ይኸው ሕመም በሳምንት ወይም በሁለት ሳምንት ውስጥ ምንም ጉዳት ሳይተው ሊለቀው ይችላል። በአንጻሩ የአከርካሪ ቲቢ የያዘው ሰው «ትንሽ ይቆረጥመኛል» እያለ ለወራት ሥራውን ሲሠራ ሊቆይ፣ በዚህ መካከልም አጥንቱ ውስጥ ውስጡን ሊበላ ይችላል። ብርታትን ብቻ መለኪያ ያደረገ ቤተሰብ የመጀመሪያውን ሰው በሌሊት ተሸክሞ ይሮጣል፤ ለሁለተኛው ማስታገሻ ገዝቶ ይሰጠዋል።

ከሁሉ አስቀድሞ መታወቅ የሚገባው፣ ነገር ግን ለመናገር ስለሚያሳፍር እምብዛም የማይወሳው አደጋ በታችኛው ወገብ ያሉት ነርቮች መጨፍለቅ ነው። ሕብለ ሰረሰር ከአንጎል ተነሥቶ በአከርካሪው ቦይ ውስጥ ሲወርድ የሚያበቃው ብዙዎች እንደሚገምቱት መቀመጫ አጠገብ ሳይሆን በመጀመሪያውና በሁለተኛው የወገብ አጥንት አካባቢ ነው። ከዚያ በታች ያለው ቦይ እንደ ፈረስ ጭራ ተበትኖ በሚወርድ የነርቭ ዘለላ የተሞላ ሲሆን፣ በሕክምና አጠራሩ ካውዳ ኢኩዋይና ይባላል። ብዙውን ጊዜ በአራተኛውና በአምስተኛው የወገብ አጥንት መካከል ያለው፣ ወይም ከእርሱ ቀጥሎ የሚገኘው ዲስክ፣ ማለትም በአጥንቶቹ መካከል እንደ ትራስ የተቀመጠው ለስላሳ አካል፣ በብዛት ወደ ኋላ ሲወጣ ይህን ዘለላ ባንድነት ይጫነዋል። እነዚህ ነርቮች የሚያዝዙት እግርን ብቻ አይደለም፤ የሽንት ፊኛንና የሰገራ መውጫን፣ የሃፍረተ ሥጋን ስሜትና የወሲብ ብቃትንም ጭምር ነው። ስለዚህም ምልክቱ የሚታየው በሽተኛው ከወገቡ ጋር ፈጽሞ በማያገናኘው ቦታ ይሆናል። በሁለቱ ጭኖች መካከል፣ በመቀመጫና በፊንጢጣ ዙሪያ ያለው ቆዳ ይደነዝዛል፤ ሰውየው ከተጸዳዳ በኋላ ሲጠርግ ወረቀቱ አይታወቀውም። ሽንቱን ለማስጀመር ማማጥ ይኖርበታል፣ ወይም ፊኛው ሞልቶ ሳለ የሽንት ስሜት አይመጣበትም፣ ወይም ሳያውቀው ያመልጠዋል። በአንድ እግር ብቻ ይወርድ የነበረው ሕመም ወደ ሁለቱም እግሮች ይዞራል።

እዚህ ላይ ለሙያ ባልደረቦቼም የምለው አለኝ። «የሽንት ችግር አለብህ?» ብሎ መጠየቅ፣ «የለም» ሲባልም ካርዱ ላይ «የለም» ብሎ መጻፍ እንደ ምርመራ ሊቆጠር አይገባውም። ሸክም የሚያነሣ አንድ ታካሚ በእግሩ ላይ ይሰማው የነበረው ከባድ ሕመም ስለተወው ደስ ብሎት ወደ ክፍሌ ገብቶ ነበር። ሽንቱን ስጠይቀው ደህና መሆኑን ነገረኝ። ለመጨረሻ ጊዜ የሸናው መቼ እንደሆነ ስጠይቀው ግን ጥቂት አስቦ «ትናንት ማታ» አለ፤ ሰዓቱ እኩለ ቀን አልፎ ነበር። ማታም የሸናው ሆዱን በእጁ እየተጫነ እንደነበር፣ ነገሩንም ውኃ ባለመጠጣቱና በሚወስደው ማስታገሻ እንዳመካኘው የነገረኝ ሦስተኛና አራተኛ ጥያቄ ካስከተልኩ በኋላ ነው። ምክንያቱ ሞኝነት አልነበረም፤ እንደ ኮዴይንና ትራማዶል ያሉ ማስታገሻዎች በእርግጥም ሆድ ያደርቃሉ፣ ሽንትንም ሊይዙ ይችላሉ። ይሁን እንጂ ወገቡን የታመመ ሰው ሽንቱ ሲያዝበት ጥፋቱን በመድኃኒቱ ማሳበብ የሚቻለው ነርቮቹ ደህና መሆናቸው በምርመራ ከተረጋገጠ በኋላ ብቻ ነው። ይህ ታካሚ በዚያው ዕለት ቀዶ ሕክምና ወደሚሰጥበት ቦታ ተልኮ ሌሊቱን ተሠርቶለታል።

የእርሱ ታሪክ የሚያሳየው ሌላም ነገር አለ። የእግር ሕመም በድንገት ጠፍቶ በምትኩ ድንዛዜ ወይም ድካም ከተተካ፣ ነርቩ ተሽሎታል ማለት ሳይሆን የሕመም መልእክቱን ማስተላለፍ አቁሟል ማለት ሊሆን ይችላል። እንዲህ ያለውን በሽታ ራጅ አያሳየውም፤ ራጅ አጥንትን እንጂ ዲስክንና ነርቭን አያወጣም፤ የሚያስፈልገው በማግኔት ኃይል ለስላሳ የሰውነት ክፍሎችን የሚያሳየው ኤም አር አይ ነው። ግፊቱን የሚያነሣው ቀዶ ሕክምና ደግሞ ፊኛው ፈጽሞ ከመሽመድመዱ በፊት ሲደረግ ውጤቱ የተሻለ መሆኑ ይታወቃል። በሕክምና ጽሑፎች በተደጋጋሚ የሚጠቀሰው የ48 ሰዓት ገደብም ቢሆን እስከዚያ ድረስ መጠበቅ ይቻላል የሚል ትርጉም ሊሰጠው አይገባም። ምልክቱ ዓርብ ማታ የታየበት ሰው ሰኞን መጠበቅ የለበትም።

የእግር ጉልበት ማጣት እንደዚሁ በጊዜ ሊታይ የሚገባው ነው። በአንድ እግር ላይ ብቻ የሚወርድ ሕመምና ጥቂት መጠዝጠዝ፣ ቢያስጨንቅም፣ ብዙ ጊዜ ለድንገተኛ ክፍል የሚያበቃ አይደለም። ነገር ግን ሰውየው በተረከዙ ቆሞ መራመድ ካቃተው፣ የእግሩ ጣቶች መሬት መጎተት ከጀመሩ፣ ደረጃ ሲወጣ ጉልበቱ ከከዳው፣ ይህም ከቀን ወደ ቀን ከባሰ፣ በዚያው ቀን ሐኪም ሊያየው ይገባል። ቀደም ሲል የጡት፣ የፕሮስቴት፣ የሳንባ፣ የኩላሊት ወይም የታይሮይድ ካንሰር የነበረበት ሰው ከሆነ ጥንቃቄው እጥፍ መሆን አለበት፤ እነዚህ ካንሰሮች ወደ አከርካሪ የመዛመት ጠባይ አላቸው። ደረትን እንደ መቀነት ዙሪያውን የሚያጠብቅ፣ ሲተኙ የሚብስ፣ በማስነጠስና በማሳል የሚያይል የመካከለኛ ጀርባ ሕመም መጥቶበት አረማመዱ ከተዛባ፣ ዕጢው ሕብለ ሰረሰሩን መጫን ጀምሮ ሊሆን ይችላል። እንዲህ ያለ በሽተኛ ከሕክምናው በኋላ መራመድ መቻሉ በአብዛኛው የሚወሰነው ሕክምናው ሲጀመር በእግሩ ይሄድ እንደነበረ ወይም እንዳልነበረ ነው።

ከአከርካሪ ጋር ምንም ዝምድና የሌለው፣ ግን በጀርባ ሕመም መልክ የሚመጣ ሌላ ገዳይ በሽታ አለ። ከልብ ተነሥቶ በአከርካሪው ፊት ለፊት የሚወርደው ዋናው የደም ቧንቧ፣ አኦርታ፣ በሆድ አካባቢ ስፋቱ በተለምዶ ሁለት ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው፤ ሦስት ሴንቲ ሜትርና ከዚያ በላይ ሲሆን ተነፍቷል ይባላል። ይህ በተለይ ዕድሜያቸው ከ65 ዓመት ባለፈና ሲጋራ በሚያጨሱ ወይም ያጨሱ በነበሩ ወንዶች ላይ ይበረታል፤ እስኪፈነዳ ድረስም አብዛኛውን ጊዜ ምልክት አይሰጥም። ሲፈነዳ ወይም ሲያፈስ በድንገት የሚጀምር የወገብ፣ የጎን ወይም የሆድ ሕመም ያስከትላል፤ ሕመሙ እንደ ጡንቻ ሕመም ቢገላበጡ፣ ቢቀመጡ፣ ቢተኙ አይለወጥም፤ ቀዝቃዛ ላብ፣ መገርጣትና ራስን መሳት ይከተላል። ብዙ ጊዜ ከኩላሊት ጠጠር ጋር ስለሚምታታ፣ በሕይወቱ ጠጠር ኖሮበት የማያውቅ አዛውንት «የኩላሊት ጠጠር ነው» ሲባል አኦርታው በአልትራሳውንድ ወይም በሲቲ ስካን እንዲታይለት ቤተሰቡ ቢጠይቅ ድፍረት አይደለም። በሁለቱ ትከሻዎች መካከል የሚቀድድ ዓይነት ሕመም በቅጽበት ሲጀምርም፣ በተለይ የደም ግፊት ባለበት ሰው ላይ፣ የዚሁ የደም ቧንቧ ግድግዳ ውስጡ ተሰንጥቆ ሊሆን ይችላል። በእነዚህ ሁኔታዎች በሽተኛውን ማሸትም ሆነ ራሱ መኪና እንዲነዳ መፍቀድ አይገባም፤ አምቡላንስ መጠራት አለበት።

ኢንፌክሽንን በተመለከተ ብዙ ሰው ትኩሳትን ብቻ ይጠብቃል። ወገቡን የሚያመው ሰው ብርድ ብርድ ካለውና ካተኮሰው፣ በተለይም የስኳር ሕመምተኛ ከሆነ፣ የኩላሊት እጥበት የሚደረግለት ከሆነ፣ በኤች አይ ቪ ወይም ስቴሮይድ በመውሰድ የሰውነቱ መከላከያ ከተዳከመ፣ በአከርካሪው ቦይ ውስጥ መግል ሊቋጠር ስለሚችል በዚያው ዕለት መታየት አለበት። መግሉ እየጨመረ ሲሄድ ነርቭን የሚጫነው በቀናት፣ አንዳንዴም በሰዓታት ውስጥ ነው። ሽንት እያቃጠለ ጎንን የሚያም ትኩሳትም ከኩላሊት ሊመጣ ይችላል፤ ከጠጠር ጋር ሆኖ የሽንት መውረጃውን ከዘጋ ሕይወት ያሠጋል። የአከርካሪ ቲቢ ግን እንዲህ አይቸኩልም። እንግሊዛዊው ቀዶ ሐኪም ፐርሲቫል ፖት የጀርባ መጉበጥንና የእግር መስነፍን አያይዞ እ.ኤ.አ. በ1779 የገለጸው ይህ በሽታ ዛሬም በስሙ ይጠራል። ትኩሳቱ ትንሽ ሊሆን ወይም ጭራሽ ላይኖር ይችላል፤ የሚታየው የሌሊት ላብ፣ የክብደት መቀነስ፣ ከጀርባ መካከል ወጣ ብሎ የሚነካ አጥንትና ሳምንታት አልፈውም የማይለቅ ሕመም ነው። ይህ ለዛሬ ሌሊት አምቡላንስ የሚያስጠራ ባይሆንም ለወር የሚቀጠር አይደለም፤ እግር መስነፍ ከተጨመረበት ደግሞ አስቸኳይ ይሆናል።

ስለ ስብራት የምለው አጭር ነው። ከከፍታ የወደቀ ወይም በመኪና የተመታ ሰው መታየት እንዳለበት ሁሉም ያውቃል፤ የሚዘነጋው አጥንታቸው የሳሳ አረጋውያንና ለረጅም ጊዜ ስቴሮይድ የወሰዱ ሰዎች ዕቃ በማንሣት ወይም በቀላሉ ዱብ ብለው በመቀመጥ ብቻ የአከርካሪ አጥንታቸው ሊደቅ መቻሉ ነው። ነፍሰ ጡር የሆነች ሴትም 37 ሳምንት ሳይሞላት እየመጣ የሚሄድ፣ ጊዜ የሚጠብቅ የወገብ ሕመም ቢጀምራት ያለጊዜው የመጣ ምጥ እንዳይሆን ልትመረመር ይገባል።

እንዲህ ያለ ዝርዝር ሕዝብን ያስደነግጣል የሚል ተቃውሞ ከባልደረቦቼ ሰምቻለሁ፤ ከፊሉ እውነት ስላለው አላጣጥለውም። ከዘረዘርኳቸው ምልክቶች ብዙዎቹ ለየብቻቸው ደካማ መረጃ ናቸው። በሌሊት ወገብን ማመም ብቻውን ካንሰርን አያመለክትም፤ እጅግ ብዙ ጤነኛ ሰዎች በሌሊት ወገባቸውን ያማቸዋል። ከ50 ዓመት በላይ መሆንም በሽታ አይደለም። ክብደት የሚሰጠው ምልክቶቹ ሲደራረቡ ወይም በሰውየው የቀድሞ የሕክምና ታሪክ ላይ ሲያርፉ ነው። ሽንት መያዝንና የሃፍረተ ሥጋ መደንዘዝን፣ እየባሰ የሚሄድ የእግር ድካምን፣ ከሕመሙ ጋር ራስን መሳትን ግን ከዚህ ዝርዝር ለይቼ አያቸዋለሁ፤ እነዚህ ሌላ ምልክት እስኪጨመርባቸው የሚጠበቁ አይደሉም። በእነርሱ ምክንያት መጥቶ ደህና ነህ ተብሎ የተመለሰ ሰው ድንገተኛ ክፍሉን በከንቱ አላስቸገረም።

ወደ ድንገተኛ ክፍል የሚሄድ ሰው ሲደርስ የሚናገረው የመጀመሪያ ቃልም ተራውን ይወስነዋል። «ወገቤን አመመኝ» ያለ ሰው፣ በሕመሙ ቢያቃስትም፣ ከብዙ መሰሎቹ ጋር አግዳሚ ላይ ተቀምጦ ሊጠብቅ ይችላል። «ወገቤን ያመኛል፤ ከትናንት ጀምሮ ሽንቴ አልወረደም፤ መቀመጫዬ ደንዝዟል» ያለ ሰው ግን ሊጠበቅ የማይገባውን ነገር ተናግሯል፤ ካርድ ለሚያወጣውም፣ ለነርሷም፣ ለሐኪሙም ይህንኑ ደግሞ መናገር አለበት። ማፈር ያለ ነው፤ በቃል ለመናገር ከከበደው በወረቀት ጽፎ ይስጥ።

ስለዚህ የዝግጅት ክፍሉን የምጠይቀው፣ በሚቀጥለው የጤና ዓምድ የተጠቀሰው ዓረፍተ ነገር እንዲታረም፣ ወደፊትም ስለ ወገብ ሕመም በሚወጣ ጽሑፍ ሁሉ የሽንት፣ የመደንዘዝና የእግር ድካም ምልክቶች በግልጽ ቃል፣ ሳይሸፋፈኑ አብረው እንዲታተሙ ነው።

ከአክብሮት ጋር
አንድ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ